ኤርድሮፕ ክሌም ከማድረጌ በፊት ዋሌቴን ባዶ አደርጋለሁ

መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ 410 ዶላር ተበላሁ። ኪሴ የገባ ሌባ የለም። ፓስወርዴን ለማንም አልሰጠሁም። የተጫንኩት አንድ ቁልፍ ነው፣ እሱንም በገዛ እጄ። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለቤተሰቤም ለጓደኞቼም ብዙ ኤርድሮፕ (የክሪፕቶ ፕሮጀክቶች በነጻ የሚያድሉት ቶከን፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ) ክሌም አድርጌያለሁ፣ ማለትም ድርሻውን ጠይቄ ወስጃለሁ፣ አንድም ሳንቲም አልጠፋም። ምን እንደቀየርኩ በዝርዝር ልንገራችሁ። ያኔ ይህንን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ያ ገንዘብ አይሄድም ነበር።

ቀኑ በፈረንጆቹ ማርች 23፣ 2023 ነው። አርቢትረም የሚባለው ኔትወርክ ኤአርቢ የተባለውን ቶከን ለቀደሙ ተጠቃሚዎቹ ማደል የጀመረበት ቀን። 625,143 የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻዎች ተመርጠው ነበር፣ የእኔም አድራሻ አለበት። የደረሰኝ ዝቅተኛው ድርሻ፣ 625 ቶከን ነው። አንዱ ቶከን በዕለቱ ከአንድ ዶላር በላይ ያወጣ ስለነበር ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ ነው፣ የእናቴ መድኃኒት ነው።

ያን ሰሞን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ እዚህ አገር ተዘግተው በቪፒኤን ነበር የምንገባው። ኔቱ ይጎተታል። ሰዓቱ ሲደርስ ከመላው ዓለም ሰው በአንዴ ስለገባ የክሌም ገጹ አልከፈት አለኝ። ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ። ዋጋው ደግሞ ይወርዳል ይወጣል። ልቤ ተሰቅሏል። በዚህ መሀል አንድ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው «ይሄኛው ሊንክ እየሠራ ነው» ብሎ ለቀቀ። ከፈትኩት። ቀለሙ ያው፣ ሎጎው ያው፣ ቁልፉ ያው። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል እንደምትለይ ያየሁት በማግስቱ ነው። ዋሌቴን አገናኘሁ፣ መስኮቷ ብቅ አለች፣ «ዩኤስዲሲዎን እንዲጠቀም ፍቀድ» የሚል ጽሑፍ ነበረባት። ዩኤስዲሲ አንዱ አንድ ዶላር የሚያወጣ ቶከን ነው። ጽሑፉን አይቼዋለሁ ግን አላነበብኩትም። ኮንፈርም አልኩ።

ኤአርቢው እስኪገባ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዩኤስዲሲ የሚለው መስመር ዜሮ ሆነ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነገር ነው።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢተርየምና እሱን በሚመስሉ ኔትወርኮች ላይ አንድ ኮንትራት (ኔትወርኩ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም) የእናንተን ቶከን ለማንቀሳቀስ መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይሄ አፕሩቭ የሚባለው ነው። ለምሳሌ ዩኒስዋፕ የሚባለው መለዋወጫ ላይ ቶከን ስትቀይሩ ይህን ፈቃድ ትሰጣላችሁ፣ ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠና ስንት እንደሆነ ነው። እኔ የፈቀድኩት መጠን በ115792 የሚጀምር፣ ሲያዩት የማያልቅ ቁጥር ነበር። ያ ቁጥር «ገደብ የለውም» ማለት ነው። ያለኝን ብቻ ሳይሆን ወደፊት የማስገባውንም ጭምር እንዲወስድ ነው የፈቀድኩለት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል። እውነተኛ ክሌም የእናንተን ቶከን ለመንካት ፈቃድ አይጠይቅም። ሊሰጣችሁ ነው የመጣው፣ ሊወስድ አይደለም። ኮንትራቱ ውስጥ የተመረጡ አድራሻዎች አስቀድመው ተመዝግበዋል፣ እናንተ «ድርሻዬን ስጠኝ» ብላችሁ ትጠሩታላችሁ፣ እሱ ይልካል። ከእናንተ የሚወጣው የኔትወርኩ ክፍያ፣ ማለትም ጋስ ብቻ ነው። ጥቂት ፕሮጀክቶች በይፋ የሚጠይቁት ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል፣ ያንንም ቢሆን አስቀድመው ይጽፉታል። የእናንተን ዩኤስዲሲ፣ ሌላ ቶከን ወይም ኤንኤፍቲ (ልዩ ዲጂታል ንብረት) ፍቀዱልኝ ካለ ግን እሱ ክሌም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ያረጋጋኝ ነገር ኤአርቢው አለመነካቱ ነው። ሌባው ያገኘው የዩኤስዲሲ ፈቃድ እንጂ የዋሌቴን ምስጢራዊ ቁልፍ አይደለም። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ስለማያውቀው አንዴ ሲበላ «ዋሌቴ ሄደ» ብሎ ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል። ፈቃድ ከሆነ የሰጣችሁት ፈቃዱን ትሰርዛላችሁ፣ ዋሌቱ የእናንተ እንደሆነ ይቀጥላል። ዋሌቱን የሚከፍቱትን 12ቱን ምስጢራዊ ቃላት ከሰጣችሁ ግን ዋሌቱ የእናንተ አይደለም፣ ምንም ብትሰርዙ አይመለስም። የሁለተኛው ዓይነት ጓደኛዬ ላይ ደርሷል፣ እመጣበታለሁ።

ሪቮክ ካሽ የሚባለውን መሣሪያ ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው። በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ያለ ነው። የዋሌት አድራሻችሁን ስታስገቡ እስከዛሬ የሰጣችሁትን ፈቃድ በሙሉ ይዘረዝርላችኋል። የቱ ቶከን፣ ለየትኛው ኮንትራት፣ ስንት፣ መቼ። ለማየት ብቻ ዋሌት ማገናኘት እንኳ አያስፈልግም፣ አድራሻውን መለጠፍ ይበቃል። እኔ ሳስገባ 19 ፈቃድ መጣልኝ። ግማሾቹን መቼ እንደሰጠሁ አላስታውስም፣ አንዳንዶቹ ከተዘጉ ድረ ገጾች የተረፉ ናቸው። የሌባው ከላይ ተቀምጧል፣ «ያልተገደበ» ይላል። እሱን መጀመሪያ ሰረዝኩ፣ ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ። እያንዳንዱን መሰረዝ ጋስ ያስከፍላል። አርቢትረም ላይ ሳንቲም ነው፣ ኢተርየም ዋናው ላይ ግን ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ስለሚወደድ ረጋ ያለ ሰዓት ጠብቁ። የሌባ ፈቃድ ከሆነ ግን ዋጋ አትዩ፣ ወዲያው።

ሪቮክ፣ ማለትም ፈቃድ መሰረዝ፣ የሄደውን አይመልስም። ይህን የምለው «ሪቮክ አድርጌ ገንዘቤን ላስመልስ» ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች ስላሉ ነው። በሩን ይዘጋል፣ ያ ብቻ። የኢተርየምና የአርቢትረም ግብይቶች የሚታዩባቸው የኢተርስካንና የአርቢስካን ገጾችም ተመሳሳይ የፈቃድ መፈተሻ አላቸው፣ ያንን የለመደ በዚያ ይጠቀም።

ከዚያ ሊንኩን ከፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ አውጥቼ፣ ኮንትራቱን አርቢስካን ላይ ካየሁ በኋላ፣ በእርጋታ ክሌም አደረግሁ። 625ቱ ገባ። የክሌም ጊዜው እስከ ሴፕቴምበር 24 ክፍት ነበር። ስድስት ወር። እኔ አሥር ደቂቃ መታገስ አቅቶኝ ነው 410 ዶላር የከፈልኩት። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ሁለተኛው የቀየርኩት ነገር ዋሌቱን ነው። ራቢ የሚባል ዋሌት አለ፣ መጀመሪያ በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ የሚጫን ነበር፣ አሁን በስልክም አለ። የወደድኩት ለአንድ ነገር ነው። ማንኛውንም ነገር ከመፈረሜ በፊት ግብይቱን ለራሱ ሞክሮት ውጤቱን ያሳየኛል። ይህ ቢፈጸም ይሄን ያህል ይወጣል፣ ይሄን ያህል ይገባል። በመደመርና በመቀነስ ምልክት፣ በዶላር ጭምር። የሚፈረመው ፈቃድ ከሆነ ፈቃድ መሆኑን፣ ለማን እንደሆነና ከዚያ ኮንትራት ጋር ከዚህ በፊት ተገናኝቼ እንደሆነ ይነግረኛል። ሜታማስክ የሚባለው ዋሌትም አሁን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አስገብቷል፣ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። ዋናው ስሙ አይደለም። ከመፈረም በፊት የሚወጣውንና የሚገባውን የማያሳይ ዋሌት ይዛችሁ ክሌም አታድርጉ ነው የምለው።

ንጹሕ ክሌም መስኮቱ ላይ ምን ይመስላል? አንድ የመደመር መስመር፣ የምትጠብቁት ቶከን፣ የምትጠብቁት መጠን። የመቀነስ መስመር የለም። ከታች ጋስ። አለቀ። ከዚህ ሌላ ነገር ካየሁ ምክንያቱን እስክረዳ አልነካውም። «ውጤቱን ማሳየት አልተቻለም» ካለኝም እዘጋለሁ።

ሳይን (ፈርም) የሚለውን ቁልፍ አትናቁት። እኔ ለረጅም ጊዜ ጋስ የማያስከፍል ፊርማ ጉዳት የለውም ብዬ አምን ነበር፣ ሎግ ኢን ማድረጊያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፐርሚት የሚባል አለ። ጋስ ሳትከፍሉ፣ ብሎክቼይኑ ላይ ምንም ሳይታይ፣ በፊርማ ብቻ ፈቃድ ትሰጣላችሁ፤ ሌባው ጋሱን እሱ ከፍሎ ገንዘቡን ይወስዳል። የሚመጣው መስኮት ውስጥ ስፔንደር፣ ቫልዩ፣ ዴድላይን የሚሉ ቃላት ካያችሁ ያ ሎግ ኢን አይደለም። ገንዘብ የማንሻ ውክልና ነው። ለማናውቀው ሰው ውክልና ፈርመን አንሰጥም አይደል።

ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ለብቻው የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ያላችሁም እንዳትዘናጉ። ቁልፉን ይጠብቃል፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። እናንተ ራሳችሁ የፈረማችሁትን ግን አይከለክልም።

ውጤቱን አስቀድሞ የሚያሳየው መሣሪያ ራሱ ደግሞ ፍጹም አይደለም። በጃንዋሪ 2025 አንድ ሰው 143 ኢተር (የኢተርየም ዋና ገንዘብ) ገደማ ያጣው ዋሌቱ ያሳየው ቅድመ ውጤት ትክክል መስሎት ነው። ሌቦቹ በሚያየውና በሚፈርመው መካከል ባለችው ክፍተት ኮንትራቱን ቀየሩበት። ስለዚህ ውጤቱን አይታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመልሳችሁ አትፈርሙ። ከቆያችሁ ዘግታችሁ እንደገና ከመጀመሪያው።

እንግዲህ ርዕሱ ላይ ወዳልኩት ልምጣ። ኤርድሮፕ የሚሰጠው ለአድራሻ ነው። ድርሻው የወጣው በዚያ አድራሻ ከሆነ ክሌሙም በዚያው አድራሻ ነው የሚደረገው፣ በአዲስ ዋሌት አይሆንም። ብዙ ሰው «ለክሌም ሌላ ዋሌት ተጠቀም» ሲባል የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። እኔ የማደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ክሌም የሚያደርገውን ዋሌት አልቀይርም፣ ውስጡ ያለውን አወጣለሁ። ዩኤስዲሲው፣ ኢተሩ፣ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻዬ ይሄዳል። ያ ሌላው አድራሻ በሌላ 12 ቃል የተሠራ ነው፣ ከየትኛውም ድረ ገጽ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። ለጋስ የምትበቃ ትንሽ ትቼ ክሌም አደርጋለሁ። ቶከኑ ሲገባ እሱንም ወዲያው አወጣዋለሁ። በሩን የምከፍተው ቤቱን ባዶ አድርጌ ነው። የተሳሳተ ነገር ብፈርም እንኳ የሚወሰድ የለም። ማውጣቱ ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ሳንቲም ይፈጃል። ያን ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የሐሰተኛው ገጽ ፈቃድ ዜሮ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ይሆን ነበር።

ሊንክን በተመለከተ ረጅም አልናገርም። ከግሩፕ፣ ከኮሜንት፣ ከፍለጋ ውጤት አናት ላይ ካለ ማስታወቂያ ሊንክ አልከፍትም። ከፕሮጀክቱ ሰነድ አወጣለሁ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ አመሳክራለሁ። ይፋዊ አካውንት ስለለጠፈው ብቻም አላምንም። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካው የዋስትናዎች ገበያ ተቆጣጣሪ የኤክስ አካውንት ራሱ ተጠልፎ የቢትኮይን ኢቲኤፍ (በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ የቢትኮይን ፈንድ) ጸደቀ ብሎ ዓለምን አምሷል። የእነሱ ከተጠለፈ የማንም ይጠለፋል። ዋሌታችሁ ውስጥ ሳትጠሩት የመጣ፣ ስሙ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ያለበት ቶከን ካያችሁም እዚያው ተዉት። አትሽጡት፣ አትላኩት፣ ገጹንም አትክፈቱት።

የክሪፕቶ ማጭበርበርን የሚከታተሉት ስካም ስኒፈር በፈረንጆቹ 2024 ብቻ በዚህ ዓይነት መንገድ ከ332,000 አድራሻዎች 494 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መወሰዱን ቆጥረዋል። እኛ አገር ደግሞ የሕግ መገበያያችን ብር ብቻ ነው። ገንዘባችሁ ሲወሰድ የምትደውሉለት ባንክ የለም፣ ግብይቱን የሚያስቆምላችሁ ሰው የለም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ ገጽ «ዋሌትዎን ያረጋግጡ» ብሎ ጠየቀው፣ 12ቱን ቃላት በተርታ አስገባ። ያለው ሁሉ ሄደ። የተረፈው ኢተርየም ላይ ገና ያልተከፈተለት የኤርድሮፕ ድርሻ ነው። ቀኑ ሲደርስ ክሌም ለማድረግ ጋስ ላከ። ጋሱ ገብቶ ሳይጨርስ ጠፋ። ደግሞ ላከ፣ ደግሞ ጠፋ። ሦስት ጊዜ። እኔ ጋ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌባው ሮቦት አቁሞበታል፣ ወደዚያ አድራሻ የሚገባ ማንኛውንም ሳንቲም በሰከንድ የሚጠርግ። ድርሻው በዓይኑ ፊት አለ፣ ክሌም ማድረጊያ ጋስ ግን ማስገባት አይችልም።

ለዚህም መንገድ አለ። ፍላሽቦትስ የሚባሉት በሠሩት ሥርዓት ብዙ ግብይቶችን አንድ ላይ ማሰር ይቻላል። ጋስ መላክ፣ ክሌም ማድረግ፣ ቶከኑን ወደ ንጹሕ አድራሻ ማውጣት። ሦስቱም በአንድ ብሎክ (ኔትወርኩ በአንዴ በሚመዘግበው የግብይት ጥቅል) ውስጥ ተከታትለው ይገባሉ ወይም አንዳቸውም አይገቡም። አስቀድሞ በአደባባይ ስለማይታይ ሮቦቱ መሀል ለመግባት ዕድል አያገኝም። ኮድ መጻፍ ይጠይቃል። የሥራ ባልደረባዬ ነው ሁለት ሌሊት ቁጭ ብሎ የሠራለት፣ መጀመሪያ በመሞከሪያ ኔትወርክ ላይ ደጋግሞ ከሞከረው በኋላ። ወጣለት። ይህ ግን ኢተርየም ዋናው ላይ ነው። አርቢትረም ግብይቶችን የሚያስተናግድበት መንገድ የተለየ ስለሆነ እዚያ እንዲሁ አይሠራም።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «አስመልስልሃለሁ» ብሎ በውስጥ መስመር ለሚመጣ ሰው አትመኑ፣ ቀድማችሁም አትክፈሉ። ጓደኛዬ የደረሰበትን በጻፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ሰዎች መጥተውበታል። አራቱም መጀመሪያ የጠየቁት ገንዘብ ነው።

የመጨረሻው የታናሽ እህቴ ነው፣ ቶን የሚባል ሌላ ብሎክቼይን (ኔትወርክ) ላይ የሆነ ታሪክ ስለሆነ ለብቻው ነው የማነሣው። ሃምስተር ኮምባት የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ ቶከኑን ያወጣው ሴፕቴምበር 26፣ 2024 ነው። በእኛ መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት። ስንት ወር ሙሉ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 131 ሚሊዮን ተጫዋች ድርሻ ይደርሰዋል ተብሎ ነበር። እህቴም ሌሊት እየተነሣች ነበር የምትጫወተው።

ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ሲል እናቴ ቤት ሆነን ቶንኪፐር ዋሌቷን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ 12,000 ተጨማሪ ቦነስ ወጣልኝ፣ ኮንፈርም ልበለው?» አለችኝ።

«ቆይ፣ አትንኪው። አሳዪኝ።»

ቴሌግራም ላይ አንድ ቦት (ሮቦት አካውንት) ልኮላት ነው። ዋሌቷን አገናኝታለች፣ የቀረው ማጽደቅ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ «12,000 ሃምስተር ተቀብለዋል» የሚል ጽሑፍ በግልጽ ተጽፏል። ዓይኗ ያለው እሱ ላይ ነው። ያ ጽሑፍ ግን ማስታወሻ ነው። ገንዘብ ስትልኩ አብራችሁ የምትጽፉት ዓይነት፣ ላኪው ያሻውን የሚጽፍበት። ከሱ በላይ ያለውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። የሚወጣ፣ 2.8 ቶን (የኔትወርኩ ገንዘብም ስሙ ቶን ነው)። ሁለተኛው መስመር፣ ከግንቦት ጀምሮ ያስቀመጠችው ኖትኮይን የሚባል ቶከን፣ በሙሉ። የሚገባ ምንም የለም። በፒቱፒ (ከሰው በቀጥታ) የገዛቻቸው ሦስት ቶኖች የወር ቁጠባዋ ነበሩ።

ቶን ላይ እንደ ኢተርየሙ ቀድሞ ፈቃድ ሰጥቶ ኋላ መሰረዝ የሚባል ነገር የለም። ስታጸድቁ ወዲያው ይላካል፣ አንድ ማጽደቂያ ውስጥ ደግሞ ብዙ ዝውውር ሊታጨቅ ይችላል። ስለዚህ ሪቮክ እዚህ አያድናችሁም። ያላችሁ መከላከያ ያቺን ስክሪን ከላይ እስከ ታች ማንበብና ከዚያ በፊት ዋሌቱን ባዶ ማድረግ ነው።

ሰረዘችው። ያንን ቦት ከዋሌቷ አላቀቅን፣ ብሎክ አደረግነው። አዲስ ዋሌት ከፈትንላት፣ የዋሌቱን ምስጢራዊ ቃላት በሙሉ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። ስክሪንሾት ልታነሣ ስትል ከለከልኳት። ኖትኮይኑንና ቶኑን ወደዚያ አዞርን፣ አሮጌው ላይ ለክፍያ የምትበቃ ጥቂት ብቻ ተውን። ከዚያ ጨዋታው ራሱ ውስጥ ገብታ ትክክለኛውን ድርሻዋን ጠየቀች። ይህን ጊዜ ስክሪኑን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «የሚወጣ፣ ትንሽ ቶን ለክፍያ። ሌላ የሚወጣ የለም።»

«አሁን ተጫኚ» አልኳት።

1,400 ገደማ ሃምስተር ነው የደረሳት። አንዱ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፣ ከ14 ዶላር አይበልጥም። ስንት ወር የለፋችበት ስለሆነ ፊቷ ጠቆረ፣ እኔም አዘንኩላት። ቶከኑ ሲገባላት የሰፈራችን ደመራ ገና አልተለኮሰም ነበር። ነጠላዋን አድርጋ፣ ሦስት ቶኗን እንደያዘች ወጣች።